ክርክር፦ ፖሊስ ሃይ ስኩል ውስጥ ይመደብ ወይስ አይመደብ?

አወያይ
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ልጆቻችን ደኅንነት ጀምረን ተካርሮ ቀረ፤ ዛሬ በደንብ እናውራው። እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ ያለውን ነው የምንጠይቀው። ለማታውቁት ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ፣ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። ድሮ ሃይ ስኩሎቹ ውስጥ የሚመደቡ ፖሊሶች ነበሩ። ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ ከሞተ በኋላ ብዙ ክርክር ተደርጎ በ2021 ወጡ። በጃንዋሪ 2022 ማግሩደር ሃይ ስኩል መጸዳጃ ቤት ውስጥ የ17 ዓመት ልጅ የ15 ዓመት ልጅ በሽጉጥ መታ። የተመታው ልጅ ብዙ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ተረፈ። በዚያው ዓመት ፖሊሶቹ በሌላ ስምና በሌላ ደንብ ተመለሱ፤ ግን እንደ ድሮው ቀኑን ሙሉ ኮሪደር ላይ አይቆሙም። እንደ ድሮው ይመደቡ? ወይስ ጭራሽ ይውጡ? ሐሳባችሁን ጻፉ፣ ስድብ አይፈቀድም።

የጀርመንታውን አባት
እኔ ይመደቡ ባይ ነኝ። የማግሩደር ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ። ልጄ የምትማረው ሌላ ትምህርት ቤት ነው፤ ግን ዜናው ሲሰማ የትኛው ሃይ ስኩል እንደሆነ እስካረጋግጥ መኪና መንዳት አቅቶኝ ጥግ ይዤ ቆሜ ነበር። ያ ልጅ የያዘው ጎስት ገን የሚሉትን ነው፤ ቁርጥራጩ ተገዝቶ ቤት ውስጥ የሚገጣጠም፣ መለያ ቁጥር የሌለው ሽጉጥ። ከተኮሰ በኋላ ክፍል ገብቶ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ቁጭ አለ። ፖሊስ እስኪያገኘው ሁለት ሰዓት ገደማ ፈጀ። አስቡት፣ ያን ሁሉ ጊዜ ሎክዳውን ተብሎ በሩ ተቆልፏል፣ ልጆቹ ከእሱ ጋር ናቸው። ሕንጻውንም ተማሪውንም በስም የሚያውቅ ፖሊስ እዚያው ቢኖር ኖሮ ይሄ ሁሉ ይሆን ነበር?

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት
ወንድሜ፣ ድንጋጤህ ይገባኛል። እኔም እናት ነኝ። ግን የታጠቀ ሰው ስላለ ልጅ ይድናል ማለት አይደለም። ፍሎሪዳ ፓርክላንድ በ2018 የታጠቀ ፖሊስ ነበረ። ውጭ ቆሞ ቀረ፣ 17 ሰው ሞተ። ቴክሳስ ዩቫልዴ በ2022 ደግሞ 376 የፀጥታ ሰው ተሰብስቦ ተኳሹ ጋ የገቡት ከ77 ደቂቃ በኋላ ነው። 19 ሕፃናትና 2 መምህራን አለቁ።

የራሴን ልንገርህ። ልጄ 15 ዓመቱ ነው፣ ቁመቱ አባቱን አልፏል። አርፍዶ ወደ ክፍል ሲሮጥ ፖሊሱ አስቁሞ ጓደኞቹ እያዩት ቦርሳውን አስፈተሸው። ምንም አልተገኘበትም። ይቅርታ ያለውም የለም። ከዚያ በኋላ ሆዴን አመመኝ እያለ ሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣም ብሎኝ ነበር። ትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። ግን እዚህ አገር ኮሪደር ላይ ሲሮጥ የሚታየው የእኔ ልጅ፣ የእትዬ እገሊት ልጅ ተብሎ አይደለም፤ ትልቅ ጥቁር ልጅ ተብሎ ነው። ፖሊሶቹ በ2021 የወጡበት አንዱ ምክንያት እኮ የሚታሰሩት ጥቁር ልጆች ከብዛታቸው ጋር ስለማይመጣጠን ነው።

ጡረተኛው
ልጆቼ፣ ሁለታችሁንም አነበብኳችሁ። ፍሎሪዳና ቴክሳስ ድረስ ሳንሄድ እዚሁ ስቴታችን ውስጥ የሆነ አለ። ግሬት ሚልስ ሃይ ስኩል፣ ማርች 2018። አንድ ተማሪ አንዲት ተማሪ ልጅን ተኩሶ መታት፣ ሌላም ተማሪ ቆሰለ። የትምህርት ቤቱ ፖሊስ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ደረሰበት። ልጁ ራሱን ተኮሰ፣ በዚያው ቅጽበት ፖሊሱም ተኩሶበት ነበር። ጥፋቱ እዚያው ቆመ። ስለዚህ እኔ ፖሊሱ ይኑር እላለሁ።

ግን ልጅቷ አልተረፈችም። ጥቂት ደቂቃም ለእሷ ረፍዷል። ሽጉጡ ደግሞ የተኳሹ ልጅ አባት ነበር፣ ከቤት የወጣ። እኛም ዘንድ መሣሪያ ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው እየበዛ ነው፣ በተለይ ሌሊት የሚሠሩት። ቆልፉት። ሜሪላንድ በ2023 ስለዚሁ ጉዳይ ሕጉን አጥብቃለች፤ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ እጅ እንዳይገባ አድርጎ ማስቀመጥ የባለቤቱ ግዴታ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት
ጋሼ፣ ስለ መሣሪያው ያሉት ልክ ነው፣ አመሰግናለሁ። ፖሊሱ ላይ ግን አልስማማም። እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ በ2020 ከትምህርት ቤት የወጣ የአምስት ዓመት ሕፃን ላይ ሁለት ፖሊሶች ሲጮሁበት፣ ካቴና ሲያሳዩት የሚያሳየውን ቪዲዮ አይተዋል? የአምስት ዓመት ልጅ! እኔ እስከ መጨረሻው ማየት አልቻልኩም።

የጀርመንታውን አባት
እህቴ፣ እኔም አይቼዋለሁ፣ አሳፋሪ ነው። ግን እነዚያ በመንገድ ላይ የሚዞሩ ፖሊሶች ናቸው እንጂ የትምህርት ቤት አልነበሩም። የምከራከረው ለዚህ እኮ ነው። 911 ሲደወል የሚመጣው ልጆቹን የማያውቅ ሰው ነው። ከልጅ ጋር መሥራት የሠለጠነ ቢሆን አይሻልም?

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት
ልጄን ያስፈተሸውም ሠልጥኗል የተባለው ነው።

የክፍል ረዳቷ
እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ሃይ ስኩል ውስጥ ረዳት ሆኜ ስሠራ ዓመታት ተቆጥረዋል። ፖሊሱ ነበረ፣ ወጣ፣ ተመለሰ፤ ሁሉንም አይቻለሁ። አንድ ነገር ግን አልተለወጠም፣ ጠቡ የሚጀምረው ስልክ ላይ ነው። ማታ ስናፕቻት ላይ አንዱ ሌላውን ይሰድባል፣ ሌሊቱን ሌሎቹ ያራግቡታል፣ ጠዋት አውቶብስ ላይ ጎራ ተለይቷል፣ ምሳ ሰዓት ላይ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ስልካቸውን ደግነው ለመቅረፅ የሚጠብቁት ቀድመው ቆመዋል። እኛ አዋቂዎቹ የምንሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ፖሊሱም እንደዚያው። መቶ ልጅ የሚያውቀውን ነገር አንድም አዋቂ ሳያውቀው ይፈነዳል።

የአሜሪካን ፕሬዚዳንት የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት፣ ሴክሬት ሰርቪስ፣ በ2021 ያወጣው ጥናት አለ። ከመፈጸማቸው በፊት የከሸፉ 67 የትምህርት ቤት ጥቃት ዕቅዶችን መርምረው አብዛኞቹ የተያዙት ልጁ ሐሳቡን ለሰው ስለተናገረ ወይም ስለጻፈ መሆኑን አገኙ። ከሁሉም በላይ ሰምተው ለአዋቂ ያደረሱት ደግሞ ጓደኞቹ ናቸው።

መናገር ብቻውን አይበቃም፣ ተቀባዩም መሥራት አለበት። ሚሺጋን ኦክስፎርድ በ2021 የሆነው እስካሁን ያንገበግበኛል። መምህሯ ልጁ የሣለውን ሽጉጥና ደም አይታ ተናገረች፣ ካውንስለሩ፣ ማለት የተማሪዎች አማካሪው፣ ወላጆቹን ጠራ፣ ወላጆቹ መጥተው ይዘውት ሳይሄዱ ቀሩ፣ ቦርሳው ሳይፈተሽ ወደ ክፍል ተመለሰ። በዚያው ቀን ተኩስ ከፈተ፣ አራት ተማሪዎች ሞቱ። ወላጆቹም በ2024 ተፈረደባቸው። የምክር ባለሙያዎቹ ማኅበር ለአንድ ካውንስለር ከ250 ተማሪ አይብለጥ ይላል። ብዙ ቦታ ከዚያ በላይ ነው። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ልጅ ይዞ፣ የኮሌጅ ወረቀት እየሞላ፣ የትኛው ልጅ ዛሬ ከወትሮው እንደተለየ እንዴት ያያል? ገንዘብ ካለ መጀመሪያ እዚህ ላይ ይዋል ነው የምለው።

ሌላው የእኛው የራሳችን ነገር ነው። ፈረንጁ ልጅ ስኒች፣ ማለት ጠቋሚ፣ እንዳይባል ይፈራል። የእኛ ልጅ ደግሞ ከዚያ ላይ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው አለ። እኛ ያደግነው ጎረቤት ጎረቤቱን በሚያስይዝበት ዘመን ነው። ጆሮ ጠቢ ከመባል የሚብስ ስድብ አልነበረም። ዝም አይነቅዝም ተብለን አደግን፣ ልጆቻችንንም አትግባበት፣ አያገባህም፣ አንተ ትምህርትህን ብቻ እያልን አሳደግን። ያኔ አባቶቻችንን አድኗቸው ይሆናል። እዚህ ግን ልጅ ጓደኛው ሽጉጥ ይዞ መምጣቱን አውቆ ዝም ይላል።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ
እናቴ እዚህ ስላለች እኔም ገብቼ አነባለሁ። አንድ ነገር ልናገር።

ታናሽ ወንድሜ ተደባድቦ ሰስፔንድ የተደረገ ቀን ትምህርት ቤቱ እናቴን ጠርቶ ነበር። አስተርጓሚ ስላልነበረ እኔን ከክፍል አስወጥተው አስተርጉሚ አሉኝ። እነሱ ያሉት ወንድሜ ለሳምንታት ሲዛትበት እንደነበረ፣ ራሱም አንድ መጥፎ ነገር እንደጻፈና በጣም እንዳሳሰባቸው ነው። እኔ ለእናቴ ልጆች ተጣልተው ነው፣ ሦስት ቀን ቤት ይቀመጣል አልኳት። እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። የሌሊት ሥራ አድራ መምጣቷ ነበር። ካውንስለሯም የእናቴን ፊት አይታ ግድ ያልሰጣት መሰላት። አሁን ወንድሜ ደህና ነው፣ ግን ለብዙ ጊዜ እንቅልፍ አልነበረኝም።

ስለ ፖሊሱ ከጠየቃችሁ የእኛ ደግ ሰው ነው፣ ሰላምታ ይሰጣል። ግን ጓደኛዬ ተጨንቃለች ብዬ ሄጄ የምነግረው ሰው እሱ አይደለም።

አወያይ
የኔ ልጅ፣ ይሄን ስለጻፍሽ እግዜር ይስጥልኝ። ያን ሸክም አንቺ ላይ መጫን አልነበረባቸውም። ወላጆች፣ ይሄን ያዙ፦ ትምህርት ቤቱ እናንተ በሚገባችሁ ቋንቋ እንዲያነጋግራችሁ የፌዴራል ሕግ ያስገድደዋል። ተማሪ አስተርጓሚ አይደረግም። ካውንቲው ለወላጅ የሚልከውን ደብዳቤ በአማርኛም ያዘጋጃል፣ ስለዚህ ለስብሰባም በነጻ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ በስልክም ቢሆን። እስኪመጣ አንጀምርም በሉ።

ጡረተኛው
እኔ ፖሊሱ ይኑር ያልኩትን አልለውጥም። ግን የትምህርት ቦርዱ ፊት ሄጄ የምናገር ከሆነ አሁን ከአስተርጓሚውና ከካውንስለሩ ነው የምጀምረው።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት
ጋሼ፣ እርስዎ ከሄዱ አብሬዎት እሄዳለሁ። ስለ ፖሊሱ የየራሳችንን እንናገራለን።

የጀርመንታውን አባት
ይሄን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ልጄን ጠየቅኳት። መጀመሪያ ምንም የለም አለች። ስልኬን አስቀምጬ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ቆይታ ቆይታ ስለ አንድ ልጅ ነገረችኝ። የሽጉጥ ነገር አይደለም። ሌሊት ሌሊት መኖር እንደሰለቸው ይጽፋል አለችኝ። አምስት ስድስት ልጆች አንብበውታል። ለአዋቂ የነገረ የለም። አባዬ እባክህ ፖሊስ እንዳትጠራ ብላ አለቀሰች። ጠዋት ካውንስለሯ ጋ አብረን እንሄዳለን ብያታለሁ።

የክፍል ረዳቷ
ወንድሜ፣ ጠዋትን አትጠብቅ። አሁን 988 ላይ ደውሉ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲኖር የሚደወልበት የእርዳታ መስመር ነው፣ ቴክስትም ይቀበላሉ፣ ለጓደኛ ተጨንቄ ነው ማለት ይቻላል፣ ምን እንደምታደርጉ ይነግሯችኋል። የልጁን ቤተሰብ የምታውቋቸው ከሆነ ዛሬ ማታውኑ ንገሯቸው። የሚጽፈው ዛሬ ላደርገው ነው የሚል ከሆነ ግን 911 ነው፣ ልጅህ ብትቆጣህም።

የጀርመንታውን አባት
እናቱን ባለቤቴ ታውቃታለች። እሷ ወደዚያ እየደወለች ነው፣ እኔና ልጄ 988 ላይ ነን።