የዘይት መብራት እየበራብኝ ነው፤ የትኛውን ዘይትና ፊልትሮ ልግዛ? ያለሁት ማርቆስ ነው

የቢቡኙ፦
እንዴት ዋላችሁ። ቶሎ የምትመልሱልኝ ካላችሁ አስቸኳይ ነው። ፒካፔን ትናንት ዘይትና ፊልትሮ አስቀየርሁ። ዛሬ ከፍኖተ ሰላም በርበሬ ጭኜ ስመጣ ደምበጫን እንዳለፍሁ የዘይት መብራቷ ብልጭ አለች። ነዳጅ ስሰጣት ይጠፋል፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልሰጣት ዝም ብላ ስትሠራ) ይበራል። አሁን ማርቆስ መነኸሪያው አጠገብ ቆሜአለሁ። የቀየረልኝ ልጅ 10/30 ነው የሞላው፤ ቀጭን ስለሆነ ይመስለኛል። 20/50 ገዝቼ ልቀይረው? ፊልትሮስ? ሱቁ ሁለት ዓይነት አሳየኝ፤ ዋጋቸው አይገናኝም። ነገ በጠዋት አዲስ አበባ መድረስ አለብኝ፣ በርበሬው የሰው ነው።

ጎዛምን ሾፌር፦
20/50 አድርግበትና ሂድ። የአባይን በረሃ በ10/30 አትሞክረው።

መምህር ከሞጣ፦
ወንድሜ፣ ቁጥሩ ምን እንደሚል ሳታውቅ ዘይት አትግዛ። ፊተኛው ቁጥር ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ዘይቱ እንዴት እንደሚፈስ ይነግርሃል፤ ኋለኛው 100 ዲግሪ ሲደርስ የሚኖረውን ውፍረት ነው። ስለዚህ 10/40 እና 15/40 ሞተሩ ከጋለ በኋላ ያን ያህል አይለያዩም፤ የሚለያዩት በጠዋቱ ብርድ ሲነሳ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ጣሳው ላይ ያለውን ፊደል እይ። በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ሞተር ነው። የናፍጣ ሞተር ጥላሸት ያመርታል፤ ያንን በትኖ የሚይዝ ቅመም ያለው ዘይት ይፈልጋል። ሲኤፍ 4፣ ሲኤች 4፣ ሲአይ 4 እያለ ደረጃው ከፍ ይላል። ሁለቱንም ፊደል የያዘ ጣሳ አለ፣ እሱም ይሆናል። ደግሞም ዘይት ጠቆረ ማለት ተበላሸ ማለት አይደለም። ናፍጣ ሞተር ውስጥ ዘይት ቶሎ መጥቆሩ የተለመደ ነው…

የደጀን ልጅ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ልጁ መንገድ ላይ ቆሟል። ስማ ወንድምዓለም፣ መኪናዋ ምንድን ናት? ሞተሯስ? «ፒካፕ» ብሎ ነገር የለም። ዘይቱ ልኩ ላይ ነው? መለኪያውን አውጥተህ አይተኸዋል? ሞተሩንስ አጥፍተሃል?

ባለ ሃይሉክስ፦
ፊልትሮውን ቀይረው። ፎርጅድ ገብቶልህ ይሆናል።

እነማይ፦
የኛ ሰፈር አንድ ሾፌር እንዲህ ሲሆንበት አምፑሉን ነቀለው። ከዚያ ወዲያ በርቶበት አያውቅም 😂

የደጀን ልጅ፦
እነማይ፣ በዚህ አይቀለድ። ያ መብራት የሚበራው የዘይቱ ግፊት እጅግ ከወረደ በኋላ ነው። ልጁ እውነት መስሎት ቢነቅለውስ?

የቢቡኙ፦
ይቅርታ፣ ሃይሉክስ ናት፣ ደብል ጋቢና፣ 2.5 ዲ ፎር ዲ። ሞተሯን አጥፍቻለሁ። መለኪያውን አየሁት፣ ሁለቱ ምልክቶች መሃል ነው። ወደ ውጭ የሚንጠባጠብም የለም። ጠዋት ጠዋት ስትነሳ ትንሽ ትንኳኳለች፣ ግን እሱ የቆየ ነው። አሁን የቱን ዘይት ልግዛ?

ጎዛምን ሾፌር፦
አልሁህ እኮ፣ 20/50።

ጮቄ፦
ምንም ዘይት አትግዛ። ችግሩ ዘይቱ አይመስለኝም።
10/30 ለዚህ ሞተር መርዝ አይደለም። እኔ ለሙቀቱም ለጭነቱም 15/40 ሲአይ 4 ነው የምመርጥልህ፣ ግን ደህና ሞተር በ10/30 ሚኒሞ ላይ መብራት አያበራም። ወፍራም ዘይት ስትሞላ ግፊቱ ትንሽ ከፍ ይልና መብራቱ ይጠፋል፤ አንተም ድኗል ብለህ በረሃ ትወርዳለህ። ከደጀን እስከ አባይ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው ቁልቁለቱ፤ ታች ሙቀት፣ ከዚያ ያንኑ ያህል ዳገት እስከ ጎሃ ጽዮን፣ በርበሬ ተጭኖ። ዘይቱ የሚቀጥነው እዚያ ላይ ነው።
አሁን ዋናውን ልንገርህ። የጠዋቱን ማንኳኳት «የቆየ ነው» ብለህ አለፍኸው፣ እኔ ግን የያዝሁት እሱን ነው። የ2.5ም ሆነ የ3.0 ዲ ፎር ዲ የታወቀ በሽታ አላቸው። ኢንጀክተሩ (ነዳጅ የሚረጨው) ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ስታረጅ የቃጠሎ ጋዝ ሽቅብ ያመልጥና ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ዘይቱን ያቃጥለዋል። የተቃጠለው ከሰል ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል፤ የዘይት ቋቱ ውስጥ ፖምፓው ዘይት የሚስብበት አፍ ላይ ወንፊት አለ፣ እዚያ ላይ ይለጠፋል። ቋቱ ሙሉ ነው፣ መለኪያው ልክ ነው፣ ፖምፓው ግን የሚስበው የለም። አዲስ ዘይት ደግሞ የቆየ ቆሻሻ ያላቅቃል፤ ትናንት ቀይረህ ዛሬ መብራቱ ቢበራ አይገርመኝም።
እኔ የነበረችኝን ቋቷን ሳስወርድ ወንፊቱ ዓይኑ አይታይም ነበር። የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ነገር ከዳር እስከ ዳር ደፍኖት፣ በጥፍር ሲፍቁት እንደ ጠጠር እየተሰበረ ይወድቃል። ዘይት ያልፍባት የነበረችው ከአንዱ ጠርዝ የቀረች ቀዳዳ ብቻ ናት።

ባለ ሃይሉክስ፦
ፊልትሮው ነው እያልሁ ነው። መጀመሪያ ፊልትሮውን ይቀይር።

የቢቡኙ፦
ጋሼ ጮቄ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ቋት ማስወረድ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ትናንት ደህና ነበረች እኮ፤ ከዘይቱ በኋላ ነው የመጣው። ልጁ ያጠፋው ነገር ቢኖርስ?

ጮቄ፦
ሊኖር ይችላል። ለዚህ ነው ሳትፈታ አስለካ የምልህ። ደህና መካኒክ ጋ ሂድ፣ ግን ራስህ እየነዳህ አይደለም፣ አስጎትተህ። የዘይት መብራቱ ሽቦ የሚገባበትን ሴንሰር ይፍታና በቦታው የግፊት ጌጅ ይሰር። ግፊቱ ደህና ከሆነ ሴንሰሩ ነው የተበላሸው፣ ርካሽ ነው፣ ቀይረህ ትሄዳለህ። ከወረደ ያኔ ፊልትሮውን፣ ቀጥሎ ወንፊቱን። የዘይት መሙያውንም ክዳን ከፍተህ በባትሪ ወደ ውስጥ አብራ፤ ደረቅ ከሰል የመሰለ ነገር ካየህ ጥርጣሬዬ ልክ ነው። ወንፊቱ ታጥቦ የኢንጀክተሮቹ ቀለበቶች ካልተቀየሩ ደግሞ ተመልሶ ይደፈናል፣ ሁለቱን አንድ ላይ አሠራ።
ቋቱ ሲመለስ ሲሊኮኑን በስሱ ይቀባ በል። የተረፈው ወደ ውስጥ ይገባና ተቆርጦ ያንኑ ወንፊት ይደፍነዋል።

ሰከላ፦
ለምን ቋት ታስወርዱታላችሁ? ዘይቱን አፍስሶ ናፍጣ ይጨምርበትና ትንሽ አስነስቶ ይጠበው።

መምህር ከሞጣ፦
በፍጹም! ናፍጣ ዘይት አይደለም፤ ክራንኩ በዘይት ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚዞረው። ግፊቱ ወርዶ የተቸገረ ሞተር ላይ ናፍጣ ሞልቶ ማስነሳት ብረት ከብረት ማፋጨት ነው። ደግሞም ያ ከሰል በናፍጣ አይሟሟም፤ ተላቆ ያው ወንፊት ላይ ነው የሚሰበሰበው። ይህን ምክር ለሰው አትስጥ።

ሌላ አባል፦
ልጁ ስለ ፊልትሮም ጠይቋል። ለዚያ ሞተር የቶዮታው ቁጥር 90915 ብሎ ጀምሮ በዲ2 የሚያልቀው ነው። በኢ1 የሚያልቀው የትንንሽ ቤንዚን ሞተሮች ነው፣ ጥርሱም አይገጥምም። ርካሹን ስትይዘው አፉን ወደ ላይ አድርገህ ዙሪያውን ያሉትን ቀዳዳዎች እይ። ከኋላቸው የጎማ ክዳን አለ፤ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ከፊልትሮው እንዳይመለስ የሚይዝ። በስክሪፕቶ ነካ ስታደርገው ለስላሳ ሆኖ ተመልሶ መክደን አለበት። ደረቅ ከሆነ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ያለ ዘይት ይነሳል። ስትፈታው የድሮው የጎማ ቀለበት ሞተሩ ላይ ተለጥፎ አለመቅረቱን አረጋግጥ፤ በሁለት ጎማ የታሰረ ፊልትሮ መንገድ ላይ ዘይቱን በሙሉ ይተፋዋል። አዲሱን ጎማ ዘይት ቀባና በእጅ እሰር፤ ጎማው ከነካ በኋላ ሦስት ሩብ ዙር ይበቃል። ከነፊልትሮው 6.9 ሊትር ነው የሚይዘው።

ጎዛምን ሾፌር፦
እኔ 20/50 እየሞላሁ ስንት ዘመን በረሃውን ተመላልሻለሁ፣ ምንም አልሆነችም።

ጮቄ፦
ያንተ ሞተር የድሮው ያለ ኮምፒውተር የሚሠራው አይደለም? በዚያ ላይ አልከራከርህም፣ ዘይትህ ትክክል ነው። የልጁ ሌላ ነው።

የቢቡኙ፦
እሺ ክዳኑን ከፍቼ ላየው። አንድ መካኒክም እየመጣ ነው። እመለሳለሁ።

የደጀን ልጅ፦
በርበሬውን ሌላ መኪና ላይ አሻግረው። ወደዚህ የሚያልፍ አይጠፋም፤ ባለቤቱም ከሞተር መንከስ የዕቃ ማዘግየት ይሻለዋል።

ጮቄ፦
የቢቡኙ፣ ምን ሆነ? ጌጁ ምን አለ?

ዳንግላ 07፦
እግረ መንገዴን ልጠይቅ። የኔ አዲሱ 2.4 ነው፤ ዘይቱን ስቀይር «ዲፒኤፍ አለው ወይ?» አለኝ ባለሱቁ። ምን ለማለት ነው?

መምህር ከሞጣ፦
ጭስ ማውጫው ላይ ጥላሸት የሚያጣራ ዕቃ ነው። ካለው ተራውን ሲአይ 4 አትሙላ፤ ሲቃጠል አመድ ያበዛና ማጣሪያውን ይደፍነዋል። አመዱ ዝቅተኛ የሆነውን፣ ጣሳው ላይ ኤሲኢኤ ሲ2 ወይም ሲ3 የሚለውን ፈልግ (የአውሮፓው ደረጃ ነው፣ ከነሲአይ 4 ጋር አታምታታው)። የመኪናውን መጽሐፍ ክፈትና የትኛውን እንደሚል ተመልከት፤ ማጣሪያው የሌለው ከሆነ 15/40 ሲአይ 4 ይበቃሃል።