ጎንደር ላይ ጀማሪ ሳይኮሎጂስት ሥራዋን ለማን ታሳይ?

ማራኪ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሳይኮሎጂ ተመርቄ አሁን ተፈናቃዮችንና ከስደት ተመላሾችን በሚረዳ አንድ ፕሮጀክት ውስጥ በካውንስለርነት ተቀጥሬያለሁ። ሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሲነሳ በመተማ በኩል ገብተው ጎንደር የቀሩ አሉ፤ ብዙውን ጊዜ የምውለው ከእነሱ ጋር ነው።

ሥራውን እወደዋለሁ። ግን ቢሮው ውስጥ ሳይኮሎጂ የተማርኩ እኔ ብቻ ነኝ። አለቃዬ ደግ ሰው ነው፣ የተማረው ግን አካውንቲንግ ነው። በወር መጨረሻ የሚጠይቀኝ «ስንት ሰው አየሽ?» ብቻ። ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ ስንት ከ18 ዓመት በታች። ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው የሚጠይቀኝ የለም። አንዷ ስታለቅስ ዝም ብዬ መጠበቅ ነበረብኝ ወይስ ማናገር እያልኩ ሌሊቱን ከራሴ ጋር ስከራከር አድራለሁ።

ሜንተር እንዴት ነው የሚገኘው? መምህሮቼን እንዳላስቸግር አፍራለሁ። ኦንላይን ሰርተፍኬት ልሰብስብ? ወይስ ማስተርስ እስክገባ ልታገስ?

ሳሙና በር

ልጄ፣ እንኳን ጠየቅሽ። እኔ በሳይካትሪ ነርስነት ጀምሬ ዘግይቼ ነው ክሊኒካል ሳይኮሎጂ የተማርኩት፤ ስለዚህ ሁለቱንም ወገን የመውቀስ መብት አለኝ።

በመጀመሪያ ሁለት ነገር ቀላቅለሻል። ሱፐርቪዥን ስለ ክላየንቶችሽ ነው፦ ምን ሰማሽ፣ ምን አልሽ፣ ምን አመለጠሽ። ሜንተር የሚባለው ስለ አንቺ ነው፦ ማስተርሱን የት ልማር፣ ይህን ቅጥር ልቀበል ወይ፣ በዚህ ሙያ ልቆይ ወይ። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊሆንልሽ ይችላል። ካልተገኘ ግን ሜንተሩ ዓመት ቢዘገይ ምንም አትሆኚም። ሱፐርቪዥኑ ግን ለነገ አይባልም፤ ማስተርስ እስክገባ የሚባል ነገርማ ጭራሽ የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ፒኤም ፕላስ የሚባል አጭር የምክር ዘዴ አለው። አምስት ጊዜ መገናኘት ነው፣ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ። የአእምሮ ጤና ሙያ ያልተማረ ሰውም ሠልጥኖ እንዲሰጠው ተብሎ የተሠራ ነው፤ ሆኖም የሚሰጠው ሰው በየጊዜው ሱፐርቪዥን እንዲያገኝ ግድ ይላል። እንግዲህ ያልተማረው እንኳ ያለ ተቆጣጣሪ እንዳይሠራ ከተባለ አንቺን ዲግሪ አለሽ ብሎ ብቻሽን መተው ምን ይባላል? ለአለቃሽ በራሱ ቋንቋ ንገሪው፤ ኦዲተር አይቶት የማያውቅ ሒሳብ ታምናለህ ወይ በይው። ከዚያ በወር ሁለት ከሰዓት ለዚህ ይፍቀድልሽ። ገንዘብ አትጠይቂ፣ ሰዓት ጠይቂ።

ሰው ከመፈለግሽ በፊት ግን ዛሬውኑ የምታደርጊው አለ። ፒኤችኪው-9 የሚባለውን የድብርት መጠይቅ የምትጠቀሚ ይመስለኛል። ዘጠነኛዋ ጥያቄ ስለ መሞትና ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ናት። አጠቃላይ ድምሩ ትንሽ ቢሆን እንኳ እዚያች ላይ ከዜሮ በላይ ከተመለሰ መጠይቁን ወደ ጎን አስቀምጠሽ ሰውየውን ታናግሪዋለሽ። ከዚያስ? ለማን ነው የምትደውይው? የሪፈራል ሆስፒታሉ ሳይካትሪ ክፍል ተረኛው በየትኛው ስልክ ይገኛል፣ ከቤተሰብ ማን ይጠራል፣ ማን ያጅበዋል፣ የባጃጁ ሒሳብ ሳይቀር ከየት ይወጣል? ይህ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ከጠረጴዛሽ አጠገብ ይለጠፍ። አለቃሽም ይፈርምበት። ይህ የሌለው ካውንስለር እንቅልፍ ቢያጣ አይገርመኝም።

አሁን ወደ ሰው ፍለጋው። እናንተ የሳይኮሎጂ ልጆች ሳይኮሎጂስት ካልሆነ ሰው አንማርም ትላላችሁ። የጎንደር ጤና ኮሌጅ በ1947 ሲቋቋም ጤና መኮንኑ፣ ነርሷና ሳኒታሪያኑ (የአካባቢ ጤና ባለሙያው) አብረው ወጥተው በሥራ ላይ እንዲማማሩ ተብሎ ነው፤ ቲቲፒ (ይህ የቡድን ሥልጠና) ስትይው የማያውቅ የጎንደር ጤና ተማሪ የለም። ታዲያ አንቺስ ከሳይካትሪ ነርስ ብትማሪ ምን ይጎድልብሻል? (ትንቋቸዋላችሁ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።) ድምፅ እሰማለሁ የሚልን ሰው በቀን ስንቱን የሚያይ፣ የመድኃኒቱን የጎንዮሽ ጉዳት በአረማመድ የሚለይ ሰው እዚያ ተቀምጧል።

ጠበልን ውሰጂ። አንዱ መጥቶ «ጠበል ልገባ ነው፣ ኪኒኑን ላቆም ነው» ቢልሽ ምን ትይዋለሽ? ይህን የሚያስተምር የኦንላይን ሰርተፍኬት እኔ አላየሁም። ከእምነቱ ጋር ሙግት አትግጠሚ። የትኛው ጠበል፣ ለስንት ቀን፣ ማን ይዞት ይሄዳል፣ አስጠማቂው ኪኒን ይፈቅዳሉ ወይ፣ ጾም አለው ወይ ብለሽ ጠይቂ። ጾሙ ከሆነ ያስቸገረው የመዋጫው ሰዓት ወደ ማታ ይዛወር እንደሆነ ሐኪሙን ታስጠይቂለታለሽ። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ጎን ለጎን ይሄዳሉ። እኔ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከአንዲት አንጋፋ ነርስ ነው።

መምህርሽን ስትጠይቂ «ሜንተር ይሁኑኝ» ብለሽ አትጀምሪ። ሰው ያስደነግጣል፣ የዕድሜ ልክ ዕዳ ይመስላል። «አንድ ኬዝ አለኝ፣ ግማሽ ሰዓት ይስጡኝ» በይ። ኬዙን በአንድ ገጽ ጻፊ፣ መጨረሻው ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ይኑር። «ስለዚች ሴት ምን ይላሉ?» ጥያቄ አይደለም። «ስለ ልጇ ሳነሳባት ሦስቴ ወሬ ቀየረች፣ ልግፋ ወይስ ልተዋት?» ይህ ጥያቄ ነው። ድምፅ መቅዳት በፈቃድ ካልሆነ አይሞከርም፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ካሳለፈ ሰው ፈቃዱን መጠየቁም ራሱ ያስደነብረዋል። ይልቅ አንቺ ክላየንቷን ሁኚ፣ መምህርሽ አንቺን ይሁኑ። እሷ ወንበር ላይ ስትቀመጪ የምትሰሚው ሌላ ነው።

አዘዞ

ጋሼ ብዙውን ብለውታል፤ እኔ የጎንደርን ጠባይ ልጨምር። እዚህ ስም መደበቅ ብቻውን ምንም አይጠቅምም። «ባሏ የእንትን ደብር መሪጌታ የሆነ፣ ልጇ ካርቱም የቀረባት» ካልሽ ስሟን ጠርተሻታል። ደብሩን፣ ቀበሌውን፣ ሥራውን፣ የልጆቹን ቁጥር ሁሉ ቀያይሪ። ኬዝ በቴሌግራም ግሩፕ አይለጠፍም፣ አራት ሰው ያለበትም ቢሆን። ፒያሳ ካፌ ተቀምጦ ኬዝ ማውራትማ አይታሰብም፤ ከኋላሽ ያለችው የአክስቷ ልጅ ናት።

ሌላው፣ የሴት ነገር ነው፤ ጋሼም አይቀየሙኝ። ጀማሪ ሴት ከአንጋፋ ወንድ ጋር ስትገናኝ ቢሮ፣ በሥራ ሰዓት፣ ቢቻል ሁለት ሦስት ሆናችሁ ይሁን። እኛ ሦስት ነን በየአሥራ አምስት ቀኑ የምንገናኝ፤ አንዷ ትምህርት ቤት ነው የምትሠራው። በ2015 መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት ሲጠፋ ሁሉም ሥልጠናው ቆመ፤ እኛ በተራ ስልክ እየተደዋወልን ቀጠልን። አራተኛ ሰው እንፈልጋለን።

ቦሌ

ከአዲስ አበባ። ማንም ስለማይናገረው ልናገር፤ «ላሠልጥንሽ» ብሎ የሚጠራሽ ሁሉ ሜንተር አይደለም። እኔን አንዱ ለአንድ ክረምት ሙሉ ታብሌት አስይዞ ኮቦ በሚባል የዳታ መሰብሰቢያ መተግበሪያ መጠይቅ አስሞላኝ። አበሉ ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። ስለ አንድ ኬዝ ግን አላወራንም፤ ጽሑፉም ሲወጣ ስሜ የለበትም። ዳታ መሰብሰብ ሥራ ነው፣ ከፈለግሽ ሥሪው፤ ሱፐርቪዥን ብለሽ ግን አትቁጠሪው። ከመጀመርሽ በፊት «ስሜ ይገባል ወይ?» በይና መልሱን በጽሑፍ ያዢ።

ሰርተፍኬቱን በተመለከተ፦ ከመጠራቀሙ በፊት ያንኑ ነገር የሠራሽበትን አንድ ክላየንት አስቢ። ካልመጣልሽ ሌላውን አትመዝገቢ።

ማራኪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አዘዞ፣ እህቴ፣ አራተኛዋን አግኝተሻል፤ በውስጥ መስመር ጽፌልሻለሁ። ጋሼ፣ የኦዲተሩን ነገር ዛሬ ነግሬው ሳቀና «ሐሙስ ከሰዓት ይሁንልሽ» አለኝ። በዘጠነኛዋ ጥያቄ ግን ልጠይቅዎ፤ አንዳንዶቹ «ሞቴን እለምናለሁ» ይሉኛል፣ ቢያስጨንቀኝም እንዲሁ የአነጋገር ልማድ ይሁን የእውነት ሐሳብ መለየት አቃተኝ።

ሳሙና በር

አትገምቺ፣ ጠይቂ። «እንዲህ ሲሰማዎ ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» በይ፣ ድምፅሽ ሳይንቀጠቀጥ። መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራባቸውም። «ኧረ እኔስ ነፍሴን አልበድልም» ካሉሽ ምን ያዘዎት ብለሽ ቀጥይ፤ የሚይዛቸውን ነገር ራሳቸው ይነግሩሻል። አዎ ካሉሽ ደግሞ እንዴት፣ መቼ፣ በምን ብለሽ ጠይቂ፤ ቤት ውስጥ የተባይ መድኃኒት ወይም መሣሪያ መኖሩን ሳታጣሪ፣ ግድግዳው ላይ ወዳለው ስልክም ሳትደውይ አታሰናብቻቸው። ሐሙስ ከአዘዞ ጋር አብራችሁ ኑና ይህንኑ እንለማመደው፤ እኔ ክላየንቱን እሆናለሁ።