ኔብራስካ አሸዋ ላይ መኪናዬ ተቀርቅሯል፣ እባካችሁ አንድ በሉኝ

ሰላም ወገኖች። ከዴንቨር የመጣሁ ሰው ነኝ። አሁን ሳንድሂልስ በሚባለው የኔብራስካ የአሸዋ ኮረብታ አገር ውስጥ ነኝ። ከመለን ወደ ቫለንታይን የሚወስደውን 97 ቁጥር አስፋልት ለቅቄ በከብት አርቢዎች መሬት መሃል በሚያልፍ የአሸዋ መንገድ ገባሁ።

አገሩ ሲያዩት ሳር የለበሰ ኮረብታ ነው። ከሳሩ ሥር ግን ሁሉም አሸዋ ነው። ጎማ የተመላለሰበት ቦታ እንደ ዱቄት ይፈሳል። ዳገቱ ላይ መኪናው ሲያቅተው ነዳጅ ረገጥኩ። ያኔ ነው የተበላሸው። የኋላ ጎማዎቹ እስከ ቸርኬው ሰመጡ፤ የመኪናው ሆድ በጎማ ዱካዎቹ መሃል ባለው ሳር ላይ ተቀመጠ። ማርሚታው ደረቁን ሳር እንዳያቃጥል ፈርቼ ሞተሩን ወዲያው አጠፋሁ። እሳት እዚህ ቢነሳ የሰው ግጦሽ ነው የሚያልቀው።

መኪናው በአራቱም ጎማ ይነዳል። ትንሽ አካፋ፣ ክሪክ፣ የእግር ምንጣፍና 8 ሊትር ውሃ አለኝ። የጎማ መንፊያ የለኝም። የጎማው የአየር ግፊት አሁን 35 ፒኤስአይ ነው። ወደ 18 ባወርደውና እስከ አስፋልቱ 11 ኪሎ ሜትር ቀስ ብዬ ብነዳ ጎማው ይጎዳል? ክሪኩም ባነሳሁት ቁጥር ራሱ ይሰምጣል፤ ከሥሩ ምን ላንጥፍለት? ወደፊት ልሞክር ወይስ በመጣሁበት ዱካ ወደኋላ?

አፋር ወይ ኦጋዴን የነዳችሁ ሾፌሮች ካላችሁ በተለይ እናንተን ነው የምጠይቀው። ኔትወርክ የሚይዘው ኮረብታው ላይ ስወጣ ብቻ ነው። በየግማሽ ሰዓቱ እየወጣሁ አያለሁ።