ምርመራው በምስጢር ይሁን ማለት መደበቅ ነው?

የጮቄ ልጅ፦ ኤችአይቪን ራስን በራስ መመርመሪያው ኪት እንደ ልብ ይሸጥ አይሸጥ ስንባባል፣ ትናንት አንዱ «ንጹሕ ሰው ምርመራውን አይደብቅም» ብሎ ጽፎ አለፈ። ሲያናድደኝ አደረ። እኔ የማውቀው ጤና ጣቢያ የላብራቶሪው ልጅ በመስኮት ብቅ ብሎ ስም ከነአባት ይጠራል። አግዳሚው ላይ የተደረደረው ጎረቤት ነው፣ አማች ነው፣ አንዳንዴም የንስሐ አባት። እዚያ መሀል «የአባላዘር በሽታ ልመርመር» የሚል ማን ነው?

ደጀን በር፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እለዋለሁ። ልጁ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ከርሞ ይመጣል። ቤቱን ዘግቶ ድዱን ያስነካና 20 ደቂቃ ይጠብቃል። አንድ መስመር ካየ በሳምንቱ ሽማግሌ ይልካል። ማን አየለት? ከጋብቻ በፊት ወረቀት የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ለልጅቷ ማን ያስብላት?

ሲስተር፦ ወንድሜ፣ አንድ መስመር ነፃ ነህ የሚያሰኘው ከተጋለጠ 3 ወር ሲያልፈው ነው። ካልሞላ ይደግማል። ሁለት መስመር ቢያይም ጤና ተቋም ሄዶ በደም ሳይረጋገጥ ያለቀ ውጤት አይደለም። ግን እሱ በመጣ በሳምንቱ ጤና ጣቢያ ቢሄድም እኮ ወረቀቱ ሊያሳስት ይችላል። ምስጢሩ ምን አጠፋ? ድሮ በፈቃደኛ ምርመራ በኮድ ስንሠራ ስም አንጠይቅም ነበር፣ ሰዉም ይመጣ ነበር።

ደጀን በር፦ እታለም፣ ንጹሕ ሰው አይደብቅም። በቃ።

እናት ዓለም፦ ይህቺን «ንጹሕ» ለእኔ አስረዳኝ። ነፍሰ ጡር ሆኜ ለክትትል ስሄድ እንደ ማንኛዋም እናት ለኤችአይቪ፣ ለቂጥኝና ለጉበት ቫይረስ ደም ሰጠሁ። ቂጥኝ ተገኘብኝ። ከባሌ በቀር ወንድ አላውቅም። ነርሷ በሩን ዘግታ፣ ወንበሯን ወደ እኔ ስባ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። የፔኒሲሊን መርፌዬን ተወጋሁ፣ ባሌም ተጠርቶ ታከመ፣ ልጄ በደህና ተወለደ። ያ በር ክፍት ቢሆን ሁለተኛ እዚያ ግቢ አልረግጥም ነበር። እኔ ምን ደበቅሁ?

የጮቄ ልጅ፦ መልስላት እንጂ!

ደጀን በር፦ እህቴ፣ ልጅሽን ያሳድግልሽ። አንቺን አላልኩም፣ ወንዱን ነው።

የቡሬው፦ ወንዱስ? ጨብጥ የያዘው ልጅ «ለጓደኛዬ ነው» እያለ ካፕሱል በግምት ገዝቶ ይውጣል። ተህዋሱም መድኃኒቱን ይላመደዋል፣ ሴቷም ብዙ ጊዜ ምልክት ስለማታይ ሳታውቀው ትከርማለች። ይህን ያመጣው ምስጢር አይደለም፣ ሐፍረት ነው። ግን ፋርማሲስቱም የሰፈር ልጅ ነው። ኪቱን ከእሱ መግዛቱ በምን ተሻለ?

የጮቄ ልጅ፦ ባሕር ዳር ሄዶ ይግዛ።

የቡሬው፦ በማን ገንዘብ? የቀን ሠራተኛ የመኪናውን ከየት ያምጣ? ከተማ ስትገቡ ገጠሩን ትረሱታላችሁ።

የጮቄ ልጅ፦ እኔን ከተሜ አትበለኝ፣ ያደግሁት እርፍ ይዤ ነው።

ሲስተር፦ ኧረ እሱን ተዉት። ኪቱ የሚያየው ኤችአይቪን ብቻ ነው። ቂጥኝንም የጉበት ቫይረስንም አያይም። ስለዚህ ያ መስኮት ካልተስተካከለ ኪት በየሱቁ ቢሸጥም ግማሹ ሥራ አልተሠራም። የታካሚን ምስጢር ማውጣት በወንጀል ሕጉም ያስቀጣል፣ ያወራ ባለሙያ ካለ ክሰሱ።

ደጀን በር፦ ማን ይከሳል? ሲከስ ስሙ በአደባባይ ሊነሣ?

የጮቄ ልጅ፦ ይኸው! ስም ይነሣል ብለህ አንተም ፈራህ።

ደጀን በር፦ ቃሌን አታጣምም። ለጋብቻ ወረቀቱ ይቅረብ ነው ያልኩት፣ ነገም እለዋለሁ።

እናት ዓለም፦ ይቅረብ። ግን ውጤቱን አስቀድሞ ባለቤቱ ብቻውን ይስማው። ከዚህ አልወርድም።