አከራያችን ዲፖዚታችንን በሕግ በታወቀ ተቋም አላስመዘገቡም፤ ምን ማድረግ እንችላለን? (እንግሊዝ)

ተከራይ ዘሰሜን ለንደን፦
ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይተን ስንኖር ሁለት ዓመት አልፎናል። ኪራዩ በወር 1,300 ፓውንድ ሲሆን፣ ስንገባ የሁለት ወር ኪራይ፣ ማለትም 2,600 ፓውንድ፣ በዲፖዚት (ስንለቅ በሚመለስ መያዣ) ስም ከፍለናል፤ 2,000ውን በባንክ አስተላልፈን 600ውን በእጃቸው ሰጠናቸው። አከራያችን የአገራችን ሰው፣ በዕድሜም አባታችን የሚሆኑ ስለሆኑ ደረሰኝ አልጠየቅንም። አሁን ቤቱን ሊሸጡት ስለሆነ በአንድ ወር ውስጥ እንድንለቅ በቃል ነግረውናል። ስለ ዲፖዚቱ ስናነሣባቸው «ለቀለምና ለምንጣፍ ይውላል» አሉን። ገንዘቡ የት እንደተቀመጠ የሚገልጽ ወረቀት ደርሶን አያውቅም። መብታችን ምን ድረስ ነው?

አማካሪው፦
በመጀመሪያ ገንዘቡ በእርግጥ አለመመዝገቡን ያረጋግጡ። በእንግሊዝ መንግሥት የፈቀደላቸው ተቋማት ሦስት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ዲፖዚት ፕሮቴክሽን ሰርቪስ፣ ማይዲፖዚትስ እና ቴናንሲ ዲፖዚት ስኪም ናቸው። በየድረ ገጻቸው የቤቱን ፖስት ኮድ፣ የቤተሰብ ስም፣ ኪራዩ የጀመረበትን ቀንና የገንዘቡን መጠን አስገብቶ መፈለግ ይቻላል። የእኛ ስም በዚህ ረገድ ጣጣ አለው፤ አከራዩ በቤተሰብ ስም ቦታ የአባትዎን ወይም የአያትዎን ስም አስገብተው፣ አጻጻፉንም ለውጠውት ሊሆን ስለሚችል፣ በሁሉም መልኩ ሞክረው ሲያበቁ ለተቋማቱ በቀጥታ ቢጽፉላቸው ይሻላል።

ካልተገኘ ሕጉ ግልጽ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣውና ዲፖዚትን የሚመለከተው ክፍሉ ከኤፕሪል 2007 ጀምሮ የሚሠራበት የቤቶች ሕግ፣ አከራይ ገንዘቡን በተቀበለ በ30 ቀን ውስጥ ከሦስቱ በአንዱ እንዲያስመዘግብና በዚያው ጊዜ ውስጥ የትኛው ተቋም ዘንድ እንዳለ፣ እንዴትስ እንደሚመለስ የሚያስረዳ የጽሑፍ መግለጫ ለተከራዩ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ከሁለቱ አንዱን እንኳ ቢያጓድል ተከራዩ በካውንቲ ኮርት፣ ማለትም በአካባቢው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት፣ ሊከሰው ይችላል። ፍርድ ቤቱም ዲፖዚቱን ከማስመለሱ በተጨማሪ፣ ከዲፖዚቱ ጋር እኩል ከሆነ ገንዘብ አንሥቶ እስከ ሦስት እጥፉ የሚደርስ ቅጣት ለተከራዩ እንዲከፈል ያዛል፤ በእርስዎ ጉዳይ ከ2,600 እስከ 7,800 ፓውንድ ማለት ነው። ዳኛው መጠኑን የሚወስነው የጥፋቱን ክብደት፣ ለምሳሌ አከራዩ ብዙ ቤት የሚያከራዩ ልምድ ያላቸው ሰው መሆን አለመሆናቸውን፣ አይቶ ነው። ነገ ሮጠው ቢያስመዘግቡት እንኳ ቅጣቱ አይቀርላቸውም። ለክሱ ያለው ጊዜ 6 ዓመት ስለሆነ ቤቱን ከለቀቃችሁ በኋላም ይቻላል።

ይህን የሚያነቡ ሌሎች ሁለት ነገር ይወቁ፦ አከራዩ ከእናንተ ጋር በአንድ ቤት የሚኖር ከሆነ ይህ ግዴታ የለበትም፤ በስኮትላንድ ደግሞ አቤቱታው የሚቀርበው ለካውንቲ ኮርት ሳይሆን ለትሪቡናል ሲሆን፣ ኪራዩ ባበቃ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ ያልፍበታል።

ዮናስ፦
ይህ ሁሉ ድካም ለምን ያስፈልጋል? ዲፖዚቱ የሁለት ወር ኪራይ ስለሆነ የመጨረሻውን ሁለት ወር ሳትከፍሉ ውጡ፤ ሒሳቡ ተዘጋ።

አማካሪው፦
ወንድሜ ዮናስ፣ ይህን ምክር በየማኅበሩ እሰማዋለሁ፤ ነገር ግን ባለመብት የነበረውን ተከራይ ባለዕዳ ያደርገዋል። ኪራይ ያልከፈለ ሰው በውዝፍ ሊከሰስ ይችላል፤ ቀጣዩ አከራይ ስለ እርሱ ሲጠይቅም የሚሰማው ስለ ውዝፉ ነው። ኪራዩን እየከፈሉ ስለ ዲፖዚቱ መክሰስ እጅግ ይሻላል።

ሰብለ ወ.፦
ከላይ ያልተነሣ አንድ ነገር አለ። ከጁን 1 ቀን 2019 ጀምሮ በእንግሊዝ ዓመታዊ ኪራዩ ከ50,000 ፓውንድ በታች ለሆነ ቤት ከአምስት ሳምንት ኪራይ በላይ ዲፖዚት መቀበል ክልክል ነው። የእናንተ የአምስት ሳምንት ኪራይ 1,500 ፓውንድ ነው፤ ስለዚህ 1,100 ፓውንዱ ከመጀመሪያውም ሊወሰድ የማይገባው ነበር፤ ለብቻው ሊጠየቅ ይችላል።

በቃል የተነገራችሁ የአንድ ወር ጊዜም በሕግ ፊት ዋጋ የለውም። ከሜይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ያለ ምክንያት ማስለቀቅ ቀርቷል፤ ቤቱን ለመሸጥ የፈለገ አከራይ በታዘዘው ቅጽ የአራት ወር ማስታወቂያ በጽሑፍ መስጠት አለበት። በዚያም ላይ ዲፖዚቱ በሥርዓቱ ካልተያዘ ወይም ካልተመለሰ፣ ከረብሻ ጋር የተያያዘ ጉዳይ ካልሆነ በቀር፣ ፍርድ ቤት ልቀቁ ብሎ አያዝም። በእኔ አስተያየት ከቅጣቱ ገንዘብ ይልቅ ትልቁ ጉልበታችሁ ይህ ነው።

ተከራይ ዘሰሜን ለንደን፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ ሽማግሌ እንላክባቸው ትላለች፤ ፍርድ ቤት መሄዱን ይሉኝታ ይዟታል። ውሉ በሁለታችንም ስም ነው። በእጅ የሰጠነውን 600 ፓውንድስ እንዴት እናስረዳለን?

ሰብለ ወ.፦
ሽማግሌ መላኩን አልቃወምም፤ ብቻ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ መብታችሁን የሚያስቀር ቃል ካለበትም ሳታስመረምሩ አትፈርሙ። ጎን ለጎን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላኩላቸው። በደብዳቤው የከፈላችሁትን፣ የጣሱትን ሕግና የምትጠይቁትን መጠን ገልጻችሁ 14 ቀን ስጧቸው። ብዙ ጉዳይ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ሦስት እጥፍ የሚለውን ሲያነቡ የማይደነግጥ አከራይ ጥቂት ነው።

ካላለቀ ክሱ የሚቀርበው በቅጽ ኤን 208 ነው። ውሉ በሁለታችሁ ስም ስለሆነ ሁለታችሁም ከሳሽ ሆናችሁ መቅረብ አለባችሁ፤ ባለቤትዎ ካልተስማማች ክሱ ሊሰናከል ስለሚችል መጀመሪያ ከእርሷ ጋር ተነጋገሩ። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ በቅጽ ኢኤክስ 160 የክፍያ ቅናሽ ወይም ነጻ መሆን ይጠየቃል። ሼልተርና ሲቲዝንስ አድቫይስ ያለ ክፍያ ያማክራሉ። ካላሸነፍን አናስከፍልም የሚሉ ጠበቆች ዘንድ ከሄዳችሁ ግን ከምታገኙት ምን ያህል እንደሚወስዱ ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

ስለ 600ው፣ በዚያን ሰሞን ከባንክ ያወጣችሁበትን መግለጫ ፈልጉ። ከዚያም በዋትስአፕ «2,000 በባንክ፣ 600 በእጅዎ፣ በድምሩ 2,600 ፓውንድ ዲፖዚት እንደሰጠንዎ ይታወቃል» ብላችሁ በአክብሮት ጻፉላቸው። ስለ ቀለሙ እየተከራከሩ ሲመልሱላችሁ ገንዘቡን መቀበላቸውን ራሳቸው በጽሑፍ ሊያምኑ ይችላሉ። ቀለሙንና ምንጣፉን በተመለከተ፣ በመኖር ብዛት ያረጀ ነገር ተከራይን አያስከፍልም፤ ጉዳት ደርሷል ካሉም ማስረዳት ያለባቸው እርሳቸው ናቸው፤ ስትገቡ የቤቱ ሁኔታ በጽሑፍ ካልተመዘገበ ደግሞ ይህ ይከብዳቸዋል።