ከእናቴ ጋር ሦስት ቀን በማድሪድ፦ የትኛውን ሙዚየም በየትኛው ቀን?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። በሚቀጥለው ወር እናቴን ይዤ ማድሪድ እሄዳለሁ። ቅዳሜ ማታ ገብተን ማክሰኞ ማታ እንመለሳለን። ያሰብኩት እሑድ ፕራዶ፣ ሰኞ ቲሰን፣ ማክሰኞ ሬይና ሶፊያ ነው። እዚያ ያለውን የፒካሶን ሥዕል «ጌርኒካ»ን በዓይኗ ማየት የእናቴ የዘመናት ምኞት ስለሆነ ለመጨረሻው ቀን አስቀምጬዋለሁ። ጉልበቷን ያማታል፤ ብዙ መቆም አትችልም። ዕቅዱ ያስኬዳል?

መንገደኛው፦
እንኳን ቀድመሽ ጠየቅሽ! ሬይና ሶፊያ ማክሰኞ ማክሰኞ ዝግ ነው። በብዙ አገር ሙዚየም የሚዘጋው ሰኞ ስለሆነ ሰው ሰኞን ሲጠነቀቅ ማክሰኞ ይያዛል፤ እኔም ከበሩ ተመልሻለሁ። ሰኞንና ማክሰኞን አቀያይሪያቸው። እሑድም ክፍት ነው፤ ነገር ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል። የጻፍኩት በእኛ ሰዓት ነው፤ እዚያ 14:30 ተብሎ ታገኚዋለሽ። እንዳትሳሳቺ።

ቆጣቢው፦
ገንዘብ መቆጠብ ከፈለጋችሁ ነጻ የመግቢያ ሰዓት አለ። ፕራዶ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከምሽቱ 12 እስከ 2፣ እሑድ ከ11 እስከ 1 ሰዓት አያስከፍልም። ሬይና ሶፊያ ሰኞ ከምሽቱ 1 እስከ 3፣ ቲሰን ደግሞ ሰኞ ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ነጻ ናቸው።

የሥዕል መምህሯ፦
ወንድሜ፣ ምክርህ ለወጣት ነው። ጉልበቷን የሚያማት እናት በነጻው ሰልፍ ቆማ ከደከመች በኋላ ምን ታያለች? ልጄ፣ ሦስቱንም የሚያስገባ አንድ የጋራ ትኬት አለ፤ እሱን ግዢ። ጠዋት በሩ ሲከፈት ግቡ።

ፕራዶን ለመጨረስ አትሞክሩ። እኔ ብሆን ሁለት ነገር ብቻ እመርጣለሁ። አንደኛው የቬላስኬዝ «ላስ ሜኒናስ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1656 የተሣለ ሲሆን ሠዓሊው ራሱ ከሸራው ጀርባ ቆሞ ያይሻል። ሁለተኛው ጎያ በቤቱ ግድግዳ ላይ ለራሱ የሣላቸው፣ ኋላ ወደ ሸራ የተዛወሩት 14ቱ «ጥቁር ሥዕሎች» ናቸው። ከላስ ሜኒናስ ቀጥሎ እነሱን ማየት ከበዓል ቤት ወጥቶ ለቅሶ ቤት እንደመግባት ነው፤ በመካከል ተቀመጡ። ፕራዶ ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ እሱም አንድ ዕረፍት ነው።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እንግዲህ እሑድ ፕራዶ፣ ሰኞ ጠዋት ሬይና ሶፊያ፣ ማክሰኞ ቲሰን አደረግሁት። «ጌርኒካ» ዘንድ ስንደርስ ልብ የምንለው ነገር አለ?

የሥዕል መምህሯ፦
ቁመቱ 3 ሜትር ተኩል ያህል፣ ስፋቱ ወደ 8 ሜትር የሚጠጋ ነው፤ መጀመሪያ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ሰው ሁሉ ወደፊት ይጋፋል፤ እናንተ ኋላ ቅሩ። ቀጥሎ ፎቶግራፍ አንሺዋ ዶራ ማር እ.ኤ.አ. በ1937 ሥዕሉ ሲሠራ ያነሳቻቸውን ፎቶግራፎች ፈልጉ። ፒካሶ ምን እንደሰረዘና ምን እንደለወጠ ደረጃ በደረጃ ይታያል፤ ለእኔ ከሥዕሉ እኩል ያስደሰተኝ ይህ ነው።

መንገደኛው፦
ሦስቱም ሙዚየሞች በእግር የሚደረስባቸው ጎረቤቶች ናቸው። እናትሽ ከደከሙ ከፕራዶ ጀርባ የሬቲሮ መናፈሻ አለላችሁ።

ጠያቂዋ፦
የሰኞውን ገዛሁ። እናቴ አሁን የምትጨነቀው ስለ ጫማዋ ነው፤ አዲስ ልግዛ ትላለች።

የሥዕል መምህሯ፦
አሮጌውን ያድርጉ። አዲሱን ሻንጣ ውስጥም አታስገቢው።