የሶፍት ኮፒ መጻሕፍት ማደራጃና ማንበቢያ ጥቆማ ለሰሜን ሸዋ አንባቢዎች፦ የትኛውን እንጫን፣ መቼስ አፕዴት እናድርግ?

ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲናና ከሸዋ ሮቢት ጥቆማ የሚጠይቁ አንባቢዎች ጉዳያቸው ይቀራረባል። በስልክ፣ በላፕቶፕና በፍላሽ የተበታተኑት ሶፍት ኮፒ መጻሕፍት በምን ይደራጁ፣ በምንስ ይነበቡ፣ ፕሮግራሙ «አዲስ ስሪት ወጥቷል» ባለ ቁጥር ዳታ ከፍሎ ማውረድ ግድ ነው ወይ የሚል ነው። አሳጥሬ ልመልስና ምክንያቱን ከሥር ላስረዳ፦ ለማደራጀት ካሊበርን፣ በአንድሮይድ ስልክ ለማንበብ ሪድኤራን፣ አቅሙ ለደከመ ላፕቶፕ ደግሞ ሱማትራ ፒዲኤፍን እጠቁማለሁ፤ አፕዴትን በተመለከተ የምትፈልጉት ነገር ካልተጨመረበት ወይም አደገኛ ክፍተት ካልተዘጋበት በቀር አትቸኩሉ ባይ ነኝ።

ካሊበር ኮቪድ ጎያል የተባለው ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2006 ለሶኒ የማንበቢያ መሣሪያ ብሎ የጀመረው ሥራ ሲሆን የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ2008 ነው። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ላይ ይሠራል፤ ዋጋ የለውም፤ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። መጽሐፍ ሲገባለት ቅጂውን በራሱ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጥና ርእሱን፣ ጸሐፊውን፣ ሽፋኑንና የምትሰጡትን ምድብ ይመዘግባል፤ ከአንድ የፋይል ዓይነት ወደ ሌላ ይለውጣል፤ ወደ ማንበቢያ መሣሪያም በገመድ ይልካል። ቅጂ ስለሚወስድ ግን አሮጌውን ፎልደር እስካላጠፋችሁ ድረስ መጻሕፍቱ ሁለት ጊዜ ቦታ ይይዛሉ። ሃርድ ዲስኩ የጠበበበት ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

ለእኛ አገር አንባቢ የመጀመሪያው እንቅፋት የስም አደራደር ነው። ካሊበር የጸሐፊውን ስም የመጨረሻ ቃል የቤተሰብ መጠሪያ አድርጎ ስለሚቆጥር «ከበደ ታደሰ» የሚለውን «ታደሰ፣ ከበደ» ብሎ ይደረድረዋል፤ ስለዚህ ደራሲው በራሱ ስም ሲፈለግ በአባቱ ስም ሥር ይገኛል። መፍትሔው ቀላል ቢሆንም የተደበቀ ነው። በፕሪፈረንስስ ውስጥ ትዊክስ ወደሚለው ገብቶ «ኦተር ሶርት ኮፒ ሜተድ» የሚለውን መስመር መፈለግና «ኮማ» የሚለውን ዋጋ «ኮፒ» ወደሚል መለወጥ ነው። ከዚያ ፕሮግራሙን ዘግቶ ከፍቶ፣ በጸሐፊዎች ማስተዳደሪያው መስኮት የሁሉንም መደርደሪያ ስም እንደገና እንዲያሰላ ማዘዝ ይገባል፤ ይህ ካልተደረገ ለውጡ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ለሚገቡ መጻሕፍት ብቻ ነው። ከዚሁ ጋር፣ መጻሕፍትን ወደ ፍላሽ ስታስቀምጡ ፕሮግራሙ የአማርኛውን ርእስ ወደ ላቲን ፊደል እንዳይገለብጠው፣ በማስቀመጫው ቅንብር ውስጥ እንግሊዝኛ ያልሆኑ ፊደላትን ለውጥ የሚለውን ምልክት አንሡ።

ወደ አፕዴቱ ልምጣ። ካሊበር በየጥቂት ሳምንቱ፣ በአብዛኛው ዓርብ ቀን፣ አዲስ ስሪት ያወጣል። ራሱን በራሱ አያድስም፤ ማስታወቂያውን ያሳያችሁና ሙሉውን መጫኛ እንደ አዲስ እንድታወርዱ ይጠይቃል፤ የዊንዶውሱ መጫኛ ደግሞ ከ150 ሜጋባይት በላይ ነው። ይህን በየጊዜው ከጥቅላችሁ ላይ መክፈል ለአብዛኛው አንባቢ ትርፍ ወጪ ነው። ማስታወቂያው ካሰለቻችሁ በቅንብሩ ውስጥ ማጥፋት ትችላላችሁ። በእኔ ግምት ለውጥ ያመጡት ስሪቶች ጥቂቶች ናቸው። በ2020 የወጣው 5.0 በማንበቢያው ላይ ማስመርንና የጨለማ ገጽታን ጨመረ። በ2022 የወጣው 6.0 በመጻሕፍቱ ሁሉ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ መፈለግ አስቻለ፤ ለተማሪና ለተመራማሪ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። በ2023 የወጣው 7.0 ስለ ጸሐፊና ስለ ምድብ ማስታወሻ መጻፍ አመጣ። በ2025 የወጣው 8.0 ደግሞ ዋና ጥቅሙ ኮቦ የተባለው የመጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያ ላላቸው ነው። እንግዲህ 6.0ን ወይም ከዚያ በኋላ ያለውን የጫነ ሰው፣ ኮቦ ከሌለው በስተቀር፣ ለወራት ሳያድስ ቢቀመጥ የሚጎድልበት እምብዛም ነው።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፤ እሱን አቅልላችሁ አትዩት። ካሊበር መጻሕፍትን በዋይፋይ የሚያጋራበት ሰርቨር አለው። በ2024 ከ6.9 እስከ 7.14 ባሉት ስሪቶች ላይ፣ የይለፍ ቃል የሌለው ሰው ኮምፒዩተሩ ላይ የፈለገውን ትእዛዝ እንዲያስኬድ የሚያስችል ከባድ ክፍተት በዚሁ ሰርቨር ተገኝቶ ከዚያ በኋላ በወጡት ስሪቶች ተዘግቷል። ሰርቨሩን የማይከፍት ሰው ብዙም አያሰጋውም፤ የሚከፍት ግን ከእነዚያ ስሪቶች በአንዱ ላይ ካለ ዛሬውኑ ያድስ። በቁጠባ የማልደራደረው በዚህ ብቻ ነው።

ስታድሱ አሮጌውን ማራገፍ አያስፈልግም፤ በላዩ ላይ መጫን በቂ ነው። መጻሕፍቱ የሚቀመጡበት ፎልደር ከፕሮግራሙ የተለየ ስለሆነ አይነኩም፤ ቢሆንም ፎልደሩን እንዳለ በውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጦ መያዝ ብልህነት ነው። መብራት በየመሐሉ በሚጠፋበት ሰፈር በዴስክቶፕ የምትሠሩ ከሆነ መብራት ከመጣ ወዲያው አትጀምሩ፤ እስኪረጋጋ ጠብቁ። ፕለጊኖችን፣ ማለትም በካሊበር ላይ የሚታከሉ ትናንሽ ፕሮግራሞችን፣ ለብቻቸው ማደስ እንዳለባችሁም አትርሱ፤ 5.0 ሲወጣ ፕሮግራሙ ፓይተን 3 ወደተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በመሸጋገሩ ያልተሻሻሉ አሮጌ ፕለጊኖች መሥራት አቁመው ነበር።

ዳታ የሌለው ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ኮምፒዩተር ቤት ይሄዳል። እዚያ ሲጫንላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ፕሮግራሙ ነፃ ስለሆነ የምትከፍሉት ለአገልግሎቱ ብቻ ነው፤ «ፉል ቨርዥን» ወይም «ክራክ» ብሎ ተጨማሪ የሚያስከፍል ቤት ካጋጠማችሁ ትታችሁ ውጡ፤ የሚሰነጠቅ ነገር የለውም፤ የማይታወቅ ነገር የተጨመረበት ቅጂም ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ፣ መጫኛው ከካሊበር ከራሱ ድረ ገጽ የወረደ መሆኑን አረጋግጡ። በመጨረሻ፣ ፕሮግራሙ ከተከፈተ በኋላ በመስኮቱ ግርጌ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ የስሪቱ ቁጥርና የሠሪው ስም እዚያ ተጽፎ ይታያል። የራሱ ላፕቶፕ የሌለው ተማሪ ደግሞ ፖርታብል የሚባለውን ቅጂ በፍላሽ ላይ አስጭኖ ከነመጻሕፍቱ ይዞት መዞር ይችላል። በዩኒቨርሲቲ ወይም በጓደኛ ኮምፒዩተር ላይ ምንም ሳይጭን ይከፍተዋል።

አማርኛ መጽሐፍ በመሣሪያው ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሲታይ ብዙ ሰው ፋይሉ ተበላሽቷል ይላል። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ፎንቱ ነው። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል የተባሉት ፎንቶች ነፃ ናቸው፤ በካሊበር ፋይሉን ስትለውጡ በገጽታ ቅንብሩ ውስጥ የፎንት ቤተሰብ አስገባ የሚለውን መርጣችሁ አንዱን ከመጽሐፉ ጋር አብራችሁ ስፉት። በዚያው መስኮት የመስመሩን አሰላለፍ ወደ ግራ አድርጉት፤ የአማርኛ ቃላት ረጃጅም ስለሆኑና ስለማይቆራረጡ፣ ሁለቱንም ጠርዝ የሚያስተካክለው አሰላለፍ በትንሽ ስክሪን ላይ በቃላቱ መካከል ሰፋፊ ክፍተት ይተዋል። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት፣ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ስሪት ነው፤ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት በአሮጌ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፉ ፋይሎች ግን ከውስጥ የላቲን ምልክት ናቸው። እነዚህን ካሊበር ሲለውጣቸው የሚወጣው ትርጉም የለሽ የፊደል ክምችት ነው፤ አፕዴት ይፈታዋል ብላችሁ አትጠብቁ፤ በመጀመሪያ በፊደል መቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ መመለስ አለባቸው። በ6.0 የመጣው ፍለጋም የሚያገኘው በተጻፈበት ሆሄ ብቻ ነው፤ በአንዱ «ሠ» የጻፉትን በሌላው «ሰ» ስትፈልጉ ስለማያገኘው በሁለቱም ሞክሩ።

በስልክ ለማንበብ ሪድኤራን የምመርጥበት ምክንያት ማስታወቂያ የሌለበት፣ አካውንት የማይጠይቅና ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ በመሆኑ ነው። ኢፐብ (የተለመደው የሶፍት ኮፒ መጽሐፍ ፋይል ዓይነት)፣ ፒዲኤፍ፣ ሞቢና የወርድ ፋይል ይከፍታል፤ በስልኩ ውስጥ ያሉትንም መጻሕፍት ራሱ ፈልጎ ይሰበስባል። በቴሌግራም የሚዘዋወሩት የአማርኛ መጻሕፍት ብዙዎቹ ሁለት ገጽ ጎን ለጎን ስካን የተደረጉ ፒዲኤፎች ናቸው፤ ሪድኤራ እንዲህ ያለውን ገጽ ለሁለት ከፍሎ አንድ በአንድ ያሳያል፤ ባዶውን ጠርዝም ይቆርጣል። ለዓይን ትልቅ እፎይታ ነው። ሊብሬራ የተባለው ሌላ ማንበቢያ አፕም ጠንካራ ነው፤ ቅንብሩ ግን ስለበዛ ለጀማሪ ይከብዳል፤ በፕሌይ ስቶር ያለው ነፃ ቅጂ ማስታወቂያ ሲኖረው ኤፍ ድሮይድ በተባለው የነፃ አፖች ማከማቻ የሚገኘው የለውም። ኬኦሪደር የተባለው ማንበቢያ አፕ ደግሞ ኮድ ለማይፈራ ሰው ነው። የስልክ አፖችን አፕዴት በተመለከተ፣ በፕሌይ ስቶር ቅንብር ውስጥ በዋይፋይ ብቻ እንዲታደሱ አድርጋችሁ መተው ይበቃል።

ከውጭ አገር ዘመድ የመጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያ ሊልክላችሁ ቢጠይቃችሁ ኪንድል ወይስ ኮቦ የሚለው ላይ ሐሳቤ ግልጽ ነው፦ ኮቦ። ሁለቱም አንድ ጊዜ ቻርጅ ተደርገው ለሳምንታት ይቆያሉ፤ መብራት ለሚቆራረጥበት አካባቢ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ኮቦ ግን ኢፐብን በገመድ ገልብጣችሁ እንዳለ ይከፍተዋል፤ ኪንድል በገመድ የገባለትን ኢፐብ ስለማይከፍት በካሊበር መለወጥ ወይም በኢንተርኔት በአማዞን በኩል መላክ ያስፈልጋል። አማዞን የተገዙ መጻሕፍትን ወደ ኮምፒዩተር አውርዶ በገመድ ማስገባትንም በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. አስቀርቷል። ኪንድል በእጁ ያለው ሰው አይጣለው፤ የማሻሻያውን ፋይል ኮምፒዩተር ቤት አውርዶ በገመድ መሣሪያው ላይ በመገልበጥ ያለ ዋይፋይ ማደስ ይችላል።

ከመሀል ሜዳ አንድ መምህር በትምህርት ቤት ውስጥ ኢንተርኔት ሳይኖር መጻሕፍትን ለተማሪዎች ማካፈል ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ይቻላል፤ ካሊበር ከሌሎቹ ሁሉ የሚለየውም በዚህ ነው። አንድ ላፕቶፕና አንድ የዋይፋይ ራውተር ይበቃል፤ ራውተሩ ሲም ካርድም ሆነ ዳታ አያስፈልገውም። ማገናኛና ማጋሪያ በሚለው ምልክት ሥር ሰርቨሩን ስታስጀምሩ ፕሮግራሙ አድራሻ ይሰጣችኋል፤ መጨረሻው አብዛኛውን ጊዜ 8080 ነው። ተማሪዎቹ በዚያው ዋይፋይ ገብተው አድራሻውን በስልካቸው ብራውዘር ላይ ሲጽፉ ሽፋኖቹን ያያሉ፤ ያነባሉ፤ ያወርዳሉም። የይለፍ ቃል አድርጉበት፤ ከላይ ያልኩትን የስሪት ጉዳይም ልብ በሉ። የሚጋራው ነገር የማስተማሪያ መጽሐፍ፣ በነፃ የተለቀቀ ወይም መምህራኑ ራሳቸው ያዘጋጁት ይሁን፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል።

የራሳችሁን የቆየ ጽሑፍ ፎቶ ኮፒ ቤት ስካን የምታስደርጉ ከሆነ በ300 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው)፣ ገጽ በገጽ ይሁን በሉ፤ «ይታያል» ተብሎ በዝቅተኛ ጥራት የተሠራው በኋላ ወደ ጽሑፍ ሊለወጥ ሲፈለግ አይሆንም። ቴሰራክት የተባለው ነፃ ፕሮግራም የአማርኛ ፊደልን ከምስል ላይ ያነባል፤ በተለይ እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው 4.0 ወዲህ የተሻለ ነው፤ ሆኖም ተመሳሳይ ሆሄያትን ስለሚያምታታ አርሞ የሚያነብ ሰው ያስፈልገዋል።

ሞላሌ ሆነው ላፕቶፓቸው ዊንዶውስ 7 የሆነባቸው ጠያቂ ደግሞ አዲሱን ካሊበር ለመጫን አይድከሙ፤ አይቀበለውም። ለዊንዶውስ 7ና ለ32 ቢት ኮምፒዩተር የመጨረሻው ስሪት 5.44 ነው፤ በካሊበር ድረ ገጽ ላይ አሁንም ለብቻው ተቀምጧል። መደርደር፣ መለወጥና ወደ መሣሪያ መላክ ሁሉ በእሱ ይሠራል፤ የሚጎድለው በመጻሕፍቱ ሁሉ ውስጥ መፈለጉ ነው። ለማንበብ ብቻ ከሆነ ሱማትራ ፒዲኤፍን ይጫኑ፤ ፒዲኤፍም ኢፐብም ይከፍታል፤ መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ከጓደኛ በፍላሽ መቀበል ይቻላል፤ ሳይጫን ከፍላሹ ላይ የሚሠራ ቅጂም አለው።